በዘነበ ስልክ ላይ የመሠረት ልብ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ለማጣፈጫ ጨው ተጨምሮበታል የሚሉ አሉ፤ ጨውም አልተጨመረበትም። አንዲት ውሸት ብትገኝበት የዘነበ ሱቅ እንደተቆለፈ ይቅር፣ ቁልፉም እንጦጦ ገደል ይግባ! የሚጠራጠር ሰው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይውጣና ታክሲው ከሚዞርበት ትንሽ ከፍ ብሎ «የቧንቧው ዘነበ» ብሎ ይጠይቅ። ዘነበን የማያውቅ ሰው በየካ ክፍለ ከተማ የለም፤ ቢኖርም ትናንት ከሌላ ክፍለ ከተማ የገባ ነው።

ዘነበ የቧንቧ፣ የቀለምና የቁልፍ ነጋዴ ነው። ሱቁ ከቁም ሳጥን አይሰፋም ይላሉ ምቀኞች፤ ዘነበ ግን እዚያች ሱቅ ውስጥ አንድ ማጠፊያ ሊፈልግ ገብቶ ጠፍቶ የዋለበት ጊዜ አለ። ዕድሜው ሃምሳን ሊነካ ነው። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ሱቅ ይገባል። ጠጉሩ ግን አንድ ሽበት የለውም፤ ቀለም ነጋዴ ስለሆነ ነው የሚሉትን አትስሙ።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ፌበን የምትባል ልጅ ሰፈር ስትመጣ ነው። ፌበን ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተመራማሪ ነበረች። ሰው በቀን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ፣ ልቡ እንዴት እንደሚመታ፣ ስልኩ ላይ ምን ያህል እንደሚያፈጥ ታጠናለች። ለላጤ አንድ፣ ለባልና ሚስት ሁለት ጥቋቁር የጎማ አምባሮች ትሰጣለች፤ አምባሩ እጅ ላይ ይታሰራል፣ እርምጃና የልብ ምት ይለካል፣ የለካውንም ለስልክ ይልካል። እንዲህ ቀላል ነገር ነው።

ነጋዴው ግን ሸሻት። «ግብር ገማቾች ናቸው የላኳት» ተባለ። «እርምጃችንን ቆጥረው ገቢያችንን ሊያበዙት ነው።» ከዘነበ ሱቅ ጎን የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ጠሀ ደግሞ ልጅቷን ሲያይ ባልዲዎቹ ኋላ ተደበቀ።

«ወላሂ እኔ አላስርም» አለ ከተደበቀበት። «አንድ ለአምስት ተደራጅ ብለው ያሰሩኝ ይበቃኛል!»

ዘነበ ግን እጅጌውን ሰበሰበ። «ነይ እኔን እሰሪኝ፣ የኔ ልጅ። ለሳይንስ ወንድ ጠፍቶ ነው?»

ሚስቱ መሠረትም አሰረች። መሠረት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ጥቂት የምትናገር፣ ብዙ የምትሰማ ሴት። ከዘነበ ጋር ሃያ ዓመት መኖር የምትችል ሴት ሌላ ዓይነት ልትሆን አትችልም። ስልኳ ባለ ቁልፍ፣ ከመደወል ሌላ የማያውቅ ስለሆነ ሁለቱም አምባሮች የተያያዙት ከዘነበ ትልቁ ስልክ ጋር ነው። ስልኩ ሲከፈት ሁለት መሥመር ይታያል፤ ሰማያዊው «ዘነበ»፣ ቀዩ «መሠረት»።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዘነበ ከሱቁ ዘልሎ ወጣ።

«ጠሀ! ና እስቲ ይቺን እይ!»

«ምን ሆንክ? እሳት ነው?»

«አንደኛ! ከሚጠኑት ሰዎች ሁሉ በእርምጃ አንደኛ! ስሙን አይተኸዋል? ዘነበ ይላል።»

ጠሀ ስልኩን አየ፤ ዘነበን አየ፤ እንደገና ስልኩን አየ። «አንተ? አንተኮ ስትነሣ ወንበሩም አብሮህ ይነሣል።»

«ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስመላለስ አታይም?»

«ሱቅህኮ ሁለት እርምጃ ናት ዜኔ።»

«ለዚህ ነዋ! ጠባብ ስለሆነች ብዙ ጊዜ መመላለስ አለብኝ!»

ጠሀ ወደ ባልዲዎቹ ተመለሰ። ያን ቀን ወሬው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቶ ምሳ ሳይደርስ ኮተቤ ገባ። ዘነበ ከዚያ ወዲያ ደረቱን ነፍቶ፣ ክንዱን እንደ ሯጭ አጥፎ ይራመድ ጀመር። የራሱ ሰማያዊ መሥመር ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆኖ ውሎ ማታ ቤት ሲገቡ ብቻ በአንድ ጊዜ የሚሞላ መሆኑ አላሳሰበውም። «ትልቅ ነገር ለመቆጠር ጊዜ ይወስዳል» አለ።

ያሳሰበው ቀዩ መሥመር ነው።

መሠረት ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር እንጦጦ ትወጣለች። ዳገት ለዳገት በእግር ይሄዳሉ፤ እየሄዱም ይጸልያሉ። ይህ ከበፊትም የነበረ ነው፤ ዘነበ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ እየሳበ «በርቺ» ብሎ የሚሸኛት ነገር ነበር። አሁን ግን ስልኩን ከፍቶ አየ። መሠረት በሩን ዘግታ በወጣችበት ሰዓት የቀዩ መሥመር እርምጃ ዜሮ ነው። እግር የሚባል ነገር አልተንቀሳቀሰም። ልቧ ግን ይጋልባል! ልክ ጃን ሜዳ እንደተለቀቀ ፈረስ ይጋልባል። ደግሞ በማግሥቱም እንደዚያው። በማግሥቱ ማግሥትም።

ዘነበ በአልጋው ላይ ተቀመጠ። «እንጦጦ ወጣሁ የምትል ሴት እግሯ ካልተንቀሳቀሰ፣ የት ነው የተቀመጠችው? ተቀምጣስ ልቧ ለማን ነው እንዲህ የሚሮጠው?»

ለማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። የተጓዦቹ መሪ ገመቺስ ይባላል። የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ፣ ሆድ የሚባል ነገር ያልተፈጠረበት፣ በዚያ ላይ ያላገባ። መዘምራን ውስጥ ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ዘነበ ለሰርግ ካልሆነ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፤ ግን አንድ ጊዜ ሄዶ ያንን ድምፅ ሰምቷል፣ መሠረት ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥም አይቷል። ዓይኗን ለጸሎት ነው የጨፈነችው። ያኔ እንደዚያ መስሎት ነበር።

ማታ እራት ላይ ምርመራውን ጀመረ።

«ዛሬ እስከ የት ደረሳችሁ?»

«ኪዳነ ምሕረትን አልፈን እስከ ራጉኤል።»

«በእግር?»

«በምን ልንሄድ ነው? በሄሊኮፕተር?»

«ገመቺስ ነበር?»

«እሱ አይደል የሚመራን።»

«ተቀመጣችሁ?»

«ማን?»

«እንዲያው... ደክሟችሁ።»

መሠረት ማንኪያውን አስቀመጠች። «ዜኔ፣ ምን ሆነሃል? ወጥ ልጨምርልህ?»

«አይ» አለ። ከዚያ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ቅናት ዘነበን ሲበላው ዘነበም አጸፋውን ይበላ ነበር። እየበላም ስልኩን በጠረጴዛው ሥር አየ። መሠረት ከፊቱ ቁጭ ብላ ረጋ ብላ ትጎርሳለች፤ ስልኩ ላይ ግን ልቧ እየከነፈ ነው። «አየህ» አለ በልቡ፣ «ስሙን ስጠራው እንኳ!» ደግሞ ፊቷ ላይ አንዲት ምልክት አይታይም። እንዲህ ያለች ተዋናይ በቴአትር ቤትም የለችም።

በሳምንቱ ገመቺስ ራሱ ሱቅ መጣ።

«ጋሽ ዘነበ፣ ሰላም ዋሉ? የበር ማጠፊያ ፈልጌ ነበር።»

ጋሽ! ዘነበ ጥርሱን ነከሰ። ሚስቱን «እህት መሠረት» ይላታል፣ እሱን ደግሞ «ጋሽ» ይለዋል። በዚህ አያያዝ፣ መሠረት የዘነበ ልጅ ልትሆን ምን ቀራት?

«ማጠፊያ አለ» አለ ዘነበ። «የሰው በር ለመክፈት ነው ወይስ ለራስህ?»

ገመቺስ ሳቀ። ነገሩ አልገባውም። «ለራሴ ነው። ይልቅ እህት መሠረትኮ ጉድ ናት! ሁላችንንም ጥላን ነው የምትወጣው። እኛ ኪዳነ ምሕረት ሳንደርስ እሷ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብታለች።»

«ባሕር ዛፉ ውስጥ።»

«አዎ፣ እየጠበቀችን።»

«እየጠበቀችህ።»

«ሁላችንንም» አለ ገመቺስ። ማጠፊያውን ተቀብሎ «ተባረኩ» ብሎ ወጣ። ማጠፊያው ዝገት የበላውና ብሎኑ የማይገጥም ነበር፤ ዘነበ ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ለይቶ ያስቀመጠው ነው።

ገመቺስ ጥግ ሳይዞር ዘነበ ስልኩን መዠረጠ። አየና ወንበሩ ላይ ወደቀ። ገመቺስ ሱቁ ውስጥ ቆሞ በነበረባት በዚያችው ደቂቃ ቀዩ መሥመር ወደ ሰማይ ተተኩሷል!

«ጠሀ!» ብሎ ጮኸ። «ሸተታት! አራት ኪሎ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ እሱ እዚህ መግባቱን ልቧ አወቀው!»

ጠሀ በባልዲ መሐል አንገቱን አወጣ። «ሰው በዚህ ርቀት አይሸትም ዜኔ።»

«አምባሩ ይዋሻል እንዴ? ሳይንስ ነው!»

«አንተ አንደኛ ነህ ካለ ጀምሮ አላመንኩትም።»

«እሱን ተወው፤ እሱ ልክ ነው።»

ከዚያ በኋላ ዘነበ ሥራ አልሠራም። ሰው ቧንቧ ሲጠይቀው ቀለም ይሰጣል፤ ነጭ ሲባል ቡናማ ይበጠብጣል። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ቤት ዛሬም ግማሹ ቡናማ ግማሹ ነጭ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ ቀዩን መሥመር ያያል። ባየው ቁጥር ከፍ ይላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ያያል። ፌበን ለክትትል መጥታ የስልኩን መዝገብ አየችና ግንባሯን ቋጠረች።

«ጋሽ ዘነበ፣ ስክሪን ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከተሳታፊዎቹ ሁሉ በጣም በልጧል።»

«በዚህም አንደኛ ነኝ?»

«በዚህስ... አዎ፣ አንደኛ ነዎት።»

ለአፍታ ደስ አለው። ወዲያው ግን ደስታው ጠፋ። «አንድ ነገር ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ። ሰው እግሩን ሳያነቃንቅ ልቡ የሚሮጠው መቼ ነው?»

«ብዙ ምክንያት አለው። ፍርሃት፣ ጭንቀት፣ ሕመም...»

«ሌላስ?»

«ስሜትም ሊሆን ይችላል።»

ዘነበ ከዚያ ወዲያ የሰማው ነገር የለም። «ስሜት» የምትለውን ይዞ ቤቱ ገባ።

ቅዳሜ ማለዳ የሆነውን እንግዲህ ልብ ብላችሁ ስሙ፤ እዚህ ላይ የሚጠራጠሩ ሰዎች ስላሉ ነው።

መሠረት በሩን ዘግታ እንደወጣች ዘነበ ከአልጋው እንደ ነብር ዘለለ። ጫማውን ሳያስር ወጣ። ዳገቱ ከፊቱ ተኛለት። ከለጋሲዮን ወደ ላይ ያለውን መንገድ ሰው እያረፈ ነው የሚወጣው፤ ዘነበ ግን አንድ ጊዜ ተነፈሰ፣ ሁለተኛ ሲተነፍስ ኪዳነ ምሕረት ደርሷል። ዘወር ብሎ ሲያይ ከተማው የክብሪት ቀፎ አክሏል። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው አፋቸውን ይዘው አዩት። እንጦጦ ላይ የሚለማመዱ ሯጮች፣ የዓለም ሜዳልያ የሚጠበቅባቸው ልጆች፣ ከኋላቸው ሲመጣባቸው መንገድ ለቀቁ። አንዱ እየተከተለ ሦስት ዛፍ ያህል አብሮት ሮጠና ትንፋሹ አለቀ።

«ጋሼ፣ አሠልጣኝዎ ማን ነው?» አለው እያለከለከ።

«ሚስቴ» አለ ዘነበ፣ ሳይዞር።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ጅብ ገጠመው። መጀመሪያ አንድ ነበር፤ ቀጥሎ አራት ሆኑ፤ ወደ ራጉኤል ሲጠጋ ለመቁጠር አይመቹም። ዘነበ ቆሞ አፈጠጠባቸው። ጅብ የሰው ፊት ያውቃል፤ ቀናተኛ ባል መሆኑን ሲያዩ ሁሉም ጭራቸውን ቆልፈው ገለል አሉለት።

ከዚያ ጉም ነበር። ከጉሙ ማዶ፣ ከራጉኤል አጥር ዝቅ ብሎ፣ የተቆረጠ ግንድ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሠረትና ገመቺስ። ገመቺስ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ግማሹን ሰጣት። መሠረት ተቀበለች፤ እሱ አንድ ነገር ሲላት ሳቀች።

ዘነበ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። የተጋቡ ሰሞን፣ ሱቁ ገና የተከራየች ባዶ ክፍል በነበረች ጊዜ፣ ግድግዳውን አብረው ሲቀቡ እሱ ከመሰላል ተንሸራቶ ቀለም ባልዲ ውስጥ ሲገባ የሳቀችው ሳቅ ነው። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ከዚያ ወዲህ ለስንቱ ሰው ስንት ነገር አውርቶ አስቆ፣ እሷን እንደዚያ አላሳቃትም። መቼ እንዳቆመች እንኳ አላስተዋለም ነበር።

ሊጮህ አፉን ከፈተ። ሯጭ የበለጠ፣ ጅብ ያባረረ ሰው፣ ድምፁ እምቢ አለው። ጉሙ ተዘጋ። ዘነበ ወረደ። ሯጮቹንና ጅቦቹን ለጠሀ ነግሮታል፤ ሁለት ጊዜ ነግሮታል፣ በሁለተኛው ጅቦቹ በዝተዋል። ስለ ሳቁ ግን ምንም አልነገረውም።

ወሰነ። ፌበን የጥናቱን ውጤት የምትናገርበት ቀን ቀርቧል፤ ተጠኚው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ገመቺስም ተጠኚ ነውና ይመጣል። በሰው ፊት ይጠይቃል፣ ሳይንሱም በሰው ፊት ይመልሳል። እንደፈራው ከሆነ ፍራሹን ተሸክሞ ሱቁ ውስጥ ያድራል፤ በሃያ ዓመቱ ይለያያሉ። ሱቋ ለአንድ ፍራሽ እንደማትበቃ ጠሀ ሊነግረው ሞክሯል፤ አልሰማም።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። የካ ክፍለ ከተማ እንዳለ ወጥቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ወንበር ግን ተርፎ ነበር። ለስላሳ ይታደላል ስለተባለ አምባር ያላሰረው ጠሀም ከኋላ ተቀምጧል። መሠረት ከዘነበ ጎን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ገመቺስ ከሁለት ረድፍ ፊት።

ፌበን የማንም ስም እንደማይጠራ ተናግራ ግድግዳው ላይ ብዙ መሥመሮች አሳየች። ሲያበቃ «አምባሩ ስለ ራሳችሁ ምን አስተማራችሁ? የሚናገር አለ?» አለች።

ዘነበ ተነሣ። ጠሀ ከኋላ ኮቱን ሳበው፤ ኮቱ ተሳበ፣ ዘነበ ግን ቆሞ ቀረ።

«እኔ ዘነበ ነኝ፣ በእርምጃ አንደኛው» አለ። ጭብጨባ ጠበቀ፤ አልመጣም። «ስለ ራሴ የማላውቀው ነገር ስለሌለ አምባሩ ምንም አላስተማረኝም። ስለ ሰው ግን አስተምሮኛል።» ከዚያ እንጦጦን ተናገረ። ዳገቱን፣ ሯጮቹን፣ ጅቦቹን። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፣ ድምፁም እየቀጠነ ሄደ።

«አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ፌበን፣ ሳይንሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው። አንዲት ሴት አለች። ጎህ ሳይቀድ ከቤቷ ትወጣለች። እንጦጦ ወጣሁ ትላለች። እግሯ ግን አይንቀሳቀስም፤ ልቧ ብቻ ይሮጣል። በየቀኑ! ይሄ ልብ ለማን ነው የሚሮጠው? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ ንገሪኝ!»

ገመቺስ ዘወር ብሎ ዘነበን አየ፤ ግራ ገብቶታል። ፌበን መሠረትን ነው ያየችው።

መሠረት አልተነሣችም። ቦርሳዋን እንኳ ከጭኗ አላወረደችም።

«የኔ ልብ አይደለም፣ ዜኔ» አለች ቀስ ብላ። «ያንተ ነው።»

«ምን?»

«በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱንም አንድ ላይ ቻርጅ አድርገናቸው መብራት ጠፋ። ማለዳ በጨለማ ስነሣ ያንተን አሰርኩት። አንተም ስትነሣ የኔን አሰርክ። እኔም አላወቅኩም። በኋላ ፌበን ደውላ "ሳትንቀሳቀሺ ልብሽ ይሮጣል፣ ሐኪም ይይሽ" ስትለኝ ነው የገባኝ፤ ለእሷም ነገርኳት።»

ዘነበ እጁ ላይ ያለውን ጥቁር ጎማ አየ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ሱቅ መጣሁ። አንደኛ ወጣሁ እያልክ ለጠሀ ስታወራ ከውጭ ሰማሁህ። እንደዚያ ደስ ብሎህ ካየሁህ ቆየሁ። እርምጃው የኔ ነው ብዬ ልንጠቅህ? ተመለስኩ። ልቡን ግን የኔ ነው ብለህ እያየኸው መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።»

«እሺ፣ ይሁን» አለ ዘነበ። «ቅዳሜስ? በዓይኔ አይቻችኋለሁ። ራጉኤል ሥር፣ ብርቱካን...»

«ቅዳሜ ዝናብ ነበር» አለች መሠረት። «ማንም አልወጣም። እኔ አንተ ጎን ተኝቼ ነበር፤ አንተም እስከ ረፋድ አልነቃህም። ፌበን አሳይታኛለች፤ ልብህ ቀስ ብሎ የመታው እኔ ባልወጣሁበት በዚያ ማለዳ ብቻ ነው።»